ሐላል እርድና ከእንስሳት የሚተላለፉ በሽታዎች፦ የሽሮ ሜዳ የግቢ እርድ እንደ መነሻ

በሽሮ ሜዳ ለዐረፋ የሚገዛ በግ ብዙ ጊዜ የሚታረደው በግቢ ውስጥ ነው። በአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅት የሙስሊሙና የክርስቲያኑ እርድ በተለያየ ክፍል ቢከናወንም ሁለቱም በእንስሳት ሐኪም ይመረመራሉ። በግቢ እርድ ይህ ምርመራ ስለሌለ በቤተሰቡና በበሽታው መካከል የሚቆመው በአብዛኛው የሃይማኖቱ ሕግ ነው። ሕጉ ምን ያህል ይጠብቃል?

ስለ ሐላል ምግብና ጤና የሚጽፉ ብዙዎች የሚጀምሩት ከአሳማ ነው፤ ክልከላው ከትሪኪኖሲስ ያድናል ይላሉ። ይህ ክርክር ለሽሮ ሜዳ እምብዛም አይጠቅምም፤ የኦርቶዶክሱ ጎረቤትም አሳማ አይበላምና። ኢትዮጵያ በ2015 እ.ኤ.አ. ቅድሚያ የሰጠቻቸው አምስቱ ከእንስሳት ወደ ሰው ተላላፊ በሽታዎች የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና ኤኪኖኮኮሲስ ናቸው፤ ትሪኪኖሲስ ከእነዚህ ውስጥ የለም።

ሕጉ ይበልጥ የሚረዳው በአባ ሰንጋ ላይ ነው። ሱረቱል ማኢዳ፣ አንቀጽ 3፣ ሳይታረድ የሞተን፣ የታነቀን፣ ተደብድቦ ወይም ወድቆ የሞተን፣ በቀንድ ተወግቶ የሞተንና አውሬ የበላለትን እንስሳ ይከለክላል። በአባ ሰንጋ የሞተን ከብት ሥጋ መብላት ደግሞ በሽታው ወደ ሰው ከሚገባባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ነው። ለኡድሒያ የሚቀርበውም እንስሳ፣ በሐዲስ እንደተደነገገው፣ ሕመሙ፣ አንካሳነቱ ወይም የዓይኑ ጉዳት በግልጽ የሚታይ፣ ወይም እጅግ የከሳ መሆን የለበትም። ሐኪሙ ከእርድ በፊት ቆሞ የሚመለከተውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ይሁን እንጂ ያው አንቀጽ ሕይወቱ ሳይወጣ ተደርሶበት የታረደውን ይፈቅዳል። አስቸጋሪው ነጥብ ይህ ነው። የሚያጣጥር በግ ባለቤት ገንዘቡ ከንቱ እንዳይቀር ፈጥኖ ቢያርደው፣ በሕይወት መኖሩ እስከታወቀ ድረስ ሥጋው ሐላል ሊባል ይችላል። በጉ የታመመው በአባ ሰንጋ ከሆነ ግን የፈሰሰው ደም አየር ሲያገኝ ባክቴሪያው ወደ ስፖር ይለወጣል፤ ስፖሩም በግቢው አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ቆዳውን የሚገፈውም ሰው እጁ ላይ ጭረት ካለ በሽታው በዚያ ይገባል። ለሐኪሙ እንዲህ ያለው እንስሳ ጨርሶ ቢላዋ ሊነካው አይገባም።

ሌላው ክፍተት ሆድ ዕቃው ነው። ኤኪኖኮከስ በበግ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ይህን የበላ ውሻ ትሉን በአንጀቱ ያሳድጋል፤ ከዓይነ ምድሩ የሚወጣው እንቁላልም ወደ ሰው ይደርሳል። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ የሚያዝዘው ሐዲስ በዑደቱ መጨረሻ ላይ ይረዳ ይሆናል። መነሻው የሚቆረጠው ግን ሆድ ዕቃው ከውሻ ሲርቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ለሥጋው ሐላልነት ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የኮሶ ትልም እንዲሁ ነው፦ በሬው ሐላል ቢሆን፣ ደሙም በደንብ ቢፈስ፣ በጡንቻው ውስጥ ያለው እጭ በዚያ አይሞትም፤ የሚገድለው በሚገባ ማብሰል ነው።

ይህ ሕጉን አያሳንሰውም። ሱረቱል አንዓም፣ አንቀጽ 145፣ የአሳማን ሥጋ የሚከለክለው ርኩስ ነው በማለት እንጂ በሽታ በመጥቀስ አይደለም፤ አማኙም የሚጠብቀው እንደ አምልኮ ነው። የጤናው ጥያቄ በፊቅህ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው፤ ጉዳትን ማስወገድ ከመሠረታዊ መርሆዎቹ አንዱ ነውና። ከዐረፋ በፊት ባለው ጁምዓ የሚያጣጥር በግ እንዳይታረድ፣ ሆድ ዕቃም ውሻ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ እንዲቀበር የሚያስተምር ኢማም በዚህ መርህ ላይ ይቆማል።