ከዓመታት በኋላ ወደ ሞተር ሲመለሱ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ዕድሜዬ 47። ልጆች ስወልድ ሞተር መንዳት ትቼ ነበር። አሁን ስፖርት ሞተር ልገዛ ብዬ ብሞክር የእጄን አንጓ አመመኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሕመሙን ያመጣው አቀማመጡ ይመስለኛል። መሪው ዝቅ፣ የእግር መርገጫው ወደ ኋላ ሲል ክብደትዎ እጅዎ ላይ ያርፋል። ያማሃ አር7 እንዲህ ነው፤ መቀመጫውም ወደ 835 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የካዋሳኪ ኒንጃ 650 መሪ ከፍ ያለ፣ መቀመጫውም 790 ገደማ ስለሆነ ለእርስዎ እሱን እመርጣለሁ፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ ያለውን።

ሱቅ ውስጥ ሻጩ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይያዝልዎት። እግርዎን መርገጫው ላይ አድርገው፣ ታንኩን በጉልበትዎ ጠበቅ አድርገው እጅዎን ከመሪው ያንሱ። ወደ ፊት ከተደፉ አይስማማዎትም።

ድንገተኛ ፍሬን አያያዝ ሳይነዱ ሲቆዩ ይረሳልና አስቀድመው ከአሠልጣኝ ጋር ይለማመዱ። ጣትዎ የሚደነዝዝ ወይም ሌሊት የሚያምዎ ከሆነ ግን ከግዢው በፊት ሐኪም ይይዎት።