ያገለገለ የእንጨት መሥሪያ መኪና ስለ መግዛት
(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ)

የእንጨት ሥራ ለመጀመር የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚያሳስበው የመሣሪያው ነገር ነው። መኪናዎቹን አንድ በአንድ ገዝቶ ለማቆም ብዙ ገንዘብና ሰፊ ቤት ያስፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ጀማሪዎች መጋዙ፥ መላጊያውና መብሻው በአንድ አካል ላይ የተሰበሰበውን «ኮምባይን» የሚባለውን መኪና ይመርጣሉ። ይህም ዐይነት መኪና አዲስ ነገር አይደለም፤ በኢጣልያ አገር በሪሚኒ የሚገኘው ኤስ.ሲ.ኤም. የተባለው ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. የሠራው የመጀመሪያው የእንጨት መኪና ኮምባይን ነበር።

ጥቅሙ ቦታና ገንዘብ መቈጠቡ ነው። ጉዳቱ ግን ሥራው በተለወጠ ቍጥር ጠረጴዛውን ማንሣትና መመለስ ማስፈለጉ ነው።

ባለፈው ዓመት አጎቴ የዕቁብ ዕጣ ሲወጣለት ያገለገለ ኮምባይን ለመግዛት ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርሁ። መኪናው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቅ ስለ ነበር እጅግ ደስ አለን። ሻጩም «አሁን መብራት ስለ ሌለ ነው እንጂ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው» አለን። ቤት ካደረስነው በኋላ ግን ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ሆኖ ተገኘ፤ የቤታችን መብራት ደግሞ ባለ አንድ ፌዝ ነው። መኪናው ሁለት ወር ያለ ሥራ ቆመ፤ የዕቁቡ መዋጮ ግን አልቆመም። ሌላው ጀማሪ እንደዚሁ እንዳይቸገር ከዚህ ያገኘሁትን ትምህርት ቀጥዬ እጽፋለሁ።

አንደኛ፤ በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብቡ። 380 ቮልት የሚል ካለበት ባለ ሦስት ፌዝ ነው። «220/380» ተብሎ ቢጻፍም ያው ነው፤ እኛን ያሳሳተን ይኸው ነበር።

ሁለተኛ፤ ገመዱ ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ ቺንጋውን ይዛችሁ የመላጊያውን ዘንግ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ቢሻክር ወይም ቢንኳኳ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። ኩሽኔታ ግን ስለሚለወጥ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ መኪናውን መተዊያ ምክንያት አይደለም። አካሉ ወይም ጠረጴዛው የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ግን አትግዙ። ቀለም ስንጥቅን ይሸፍናልና በእጃችሁ ዳስሱ።

ሦስተኛ፤ ሁለቱን የመላጊያ ጠረጴዛዎች እኩል ከፍታ ላይ አድርጋችሁ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድሙባቸው። በማስመሪያው ሥር ብርሃን ከታየ ጠረጴዛዎቹ አልተስተካከሉም፤ ጣውላውም ቀጥ ብሎ አይላግም።

አራተኛ፤ የመላጊያው ዘንግ ክብ መሆኑን ተመልከቱ። በጣም አሮጌ በሆኑ መኪናዎች ላይ የሚገኘው አራት ማዕዘን ዘንግ በዙሪያው ሰፊ ክፍተት ስላለው ጣትን ይስባል።

አምስተኛ፤ የመጋዙ ክዳንና ከመጋዙ በስተኋላ የሚቆመው ስስ ብረት መኖራቸውን አረጋግጡ። ይህ ብረት የተሰነጠቀው እንጨት መጋዙን ቈንጥጦ ወደ ሠራተኛው እንዳይወረወር ይከለክላል። የእኛ መኪና ይህ ብረት አልነበረውም። አጎቴም ሞተሩን ካስለወጠ በኋላ እንኳ፥ ሥራ እየጠበቀው ሳለ፥ ብረቱን ሳያሠራ አንድ ጣውላ አላስገባም፤ «ገንዘብ ይተካል፥ ጣት ግን አይተካም» አለኝ።

በመጨረሻም ለግዢ ስትሄዱ ጣውላ ይዛችሁ ሂዱ። መብራት ከሌለ ሌላ ቀን ተመለሱ እንጂ መኪናው በፊታችሁ ሳይቈርጥና ሳይልግ ገንዘብ አትክፈሉ። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።

መኪናው ዛሬ ደኅና ይሠራል። በመጀመሪያ የሠራንበትም ይህን ጽሑፍ የጻፍሁበትን ጠረጴዛ ነው።