በአንድ ጣራ ሥር

ጌታችን ከመከራው በፊት በነበረችው ሌሊት ስለ ተከታዮቹ አንድነት ጸልዮአል (ዮሐ. 17፥20-23)። ይህ ጸሎት በኑሮ ሲገለጥ ምን ይመስላል? አንድ ምሳሌ እንመልከት።

በ1973 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ከነበረ አንድ የጸሎት ቡድን «ሸማን ነፍ»፣ ማለትም «አዲስ መንገድ» የተባለው ማኅበር ተወለደ። መሥራቹ ኢየሱሳዊው ሎራን ፋብር ነው። ማኅበሩ የካቶሊክ ይሁን እንጂ የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ምእመናንም አባሎቹ ናቸው፤ ማንም የራሱን ቤተ ክርስቲያን አይተውም። ባለትዳሮችና በድንግልና የሚኖሩ አብረው ይጸልያሉ፤ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታዎች ይሻሉ፤ «ቃና» በተባለው አገልግሎታቸውም ባለትዳሮችን ይረዳሉ።

በ2014 እ.ኤ.አ. በዚያን ጊዜ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ጀስቲን ዌልቢ ከአባሎቹ አራቱን በለንደን መኖሪያቸው ተቀበሉ፤ እነርሱም አንግሊካን ባልና ሚስት፣ አንድ ሉተራንና አንዲት ካቶሊክ ነበሩ።

አብረው ይበሉ ነበር፤ በቅዱስ ቁርባን ጊዜ ግን ሁሉም በአንድነት ሊቀበሉ አይችሉም ነበር። ይህን ሕመም አይሸሽጉትም ነበር፤ በጸሎት ይሸከሙት ነበር።

እኛስ? ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የሆነውን ጓደኛችንን በቅጽል ስም መጥራት ትተን ስለ እርሱ እንጸልይ፤ ሐዘን ሲደርስበትም ከቤቱ እንገኝ። አንድነት የሚጀምረው ልዩነት የለም በማለት ሳይሆን፣ መለያየቱ ሲያመን ነው።