ቀዩ አፈር ከየት መጣ?

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቤበቃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቡና ማሳ ውስጥ የተደረገ ምልልስ ነው። መላሹ ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህር ናቸው፤ ጠያቂው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ የዚህ አገር አፈር ለምን እንዲህ ቀላ?

መምህሩ፦ ዝገት ነዋ ልጄ! አፈሩ ውስጥ ብረት አለ፤ ብረቱ ኦክስጅን አግኝቶ ዛገ። የዚህ አገር ዝናብ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ የሚሟሟውን ማዕድን እያጠበ ሲወስድ የማይሟሟው ብረት ቀረ። የአፈር ባለሙያዎች ኒቲሶል ይሉታል። ጥልቅ ነው፣ ውሃ አያቁርም፤ ቡና የሚወደውም ይህንን ነው።

ወጣቱ፦ ብረቱስ ከየት መጣ?

መምህሩ፦ ከሥር ካለው ባዛልት። ባዛልት ከምድር ውስጥ ፈስሶ የቀዘቀዘ ቅልጥ አለት ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መፍሰስ የጀመረው ከ40 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። የሰሜኑን ደጋ ያነጠፈው ፍሰት ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ግድም ስለሆነ በዚህስ እኛ እንቀድማለን።

ወጣቱ፦ እንግዲያው ከዚህ የቆየ ድንጋይ የለንም ማለት ነው?

መምህሩ፦ አለን እንጂ! ወደ ዲማ ውረድ። እዚያ ሰው የሚያጥበው ወርቅ የወጣው ከባዛልቱ በጣም ከሚያረጅ አለት ነው። የዛሬ 800 ሚሊዮን እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ የአህጉር ቁርጥራጮች ተጋጭተው ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉር ሲገጣጠም በግፊትና በሙቀት የተለወጠ አለት ነው። ያም ሆኖ ለምድር የትናንት ልጅ ነው። እሷ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ሆኗታል።

ወጣቱ፦ በየዘመን መለወጫው የምንሰማው ግን 7,500 ዓመት ገደማ ነው።

መምህሩ፦ እሱ ዓመተ ዓለም ነው፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ስትደምር ታገኘዋለህ። በዓልና አጽዋማት የሚወጡት በእሱ ነው፤ ስሌቱም ሲያገለግል ኖሯል። የድንጋይ ዕድሜ ሲሆን ግን ድንጋዩን ራሱን መጠየቅ ነው። ዩራኒየም የሚባለው ንጥረ ነገር በማይለወጥ ፍጥነት ወደ እርሳስ ይቀየራል፤ ዋነኛው ዓይነት ግማሹ ለመቀየር 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ዚርኮን የተባለች ደቃቅ ማዕድን ስትፈጠር ዩራኒየም ትቀበላለች፣ እርሳስን ግን አታስገባም። ስለዚህ ዛሬ ውስጧ የምታገኘው እርሳስ ከዚያ ወዲህ የተጠራቀመ ነው። መጠኑን ለክተህ ዓመቱን ታሰላለህ።

ወጣቱ፦ ታዲያ 4.5 ቢሊዮን ዓመት የሞላው ድንጋይ የት ተገኘ?

መምህሩ፦ እዚህ ምድር ላይ የበቀለ አልተገኘም። የመጀመሪያው ቅርፊት ቀልጦ፣ ተሰባብሮ፣ ተመልሶ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከምዕራብ አውስትራሊያ ጃክ ሂልስ የተገኙት ዚርኮኖች እንኳ 4.4 ቢሊዮን ዓመት ነው ያላቸው። የምድርን ዕድሜ የነገሩን ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮች ናቸው፤ ከምድር ጋር በአንድ ዘመን ተፈጥረው ሳይለወጡ ቆይተዋልና። አሜሪካዊው ክሌር ፓተርሰን እርሳሳቸውን ለክቶ በ1956 እ.ኤ.አ. 4.55 ቢሊዮን ዓመት ብሎ አስታወቀ። ቁጥሩ እስከ ዛሬ ብዙም አልተነቃነቀም።

ወጣቱ፦ ያኔ ምድር ምን ትመስል ነበር?

መምህሩ፦ በወጣቷ ፀሐይ ዙሪያ ጋዝና አቧራ ይሽከረከር ነበር። አቧራው ተጣብቆ ጠጠር፣ ጠጠሩ ቋጥኝ፣ ቋጥኙ ተጋጭቶ ትንንሽ ዓለማት ሆነ። ግጭቱ ያመጣው ሙቀት ምድርን አቀለጣት። እሸት ቡና ውሃ ገንዳ ውስጥ ስትጨምር ደህናው ይሰምጣል፣ ፎሴው ይንሳፈፋል አይደል? እንደዚያው ከባዱ ብረት ወደ መሃል ወረደ፣ ቀላሉ አለት ከላይ ቀረ። ያ የብረት እምብርት ከ2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ይጀምራል፤ የምድርን ክብደት አንድ ሦስተኛ ያህል ይይዛል። በዚያው ዘመን የማርስን ያህል አካል ከምድር ጋር ተላተመ፤ ጨረቃም ከፍርስራሹ ተሠራች የሚለው ዛሬ ሚዛን የደፋው አስተያየት ነው።

ወጣቱ፦ ብረቱ ከሰመጠ የእኛ አፈር እንዴት ብረት አገኘ?

መምህሩ፦ ጥሩ ጠየቅህ። ሁሉም አልሰመጠም። ከአለቱ ጋር የተዋሃደው ከእምብርቱ በላይ ቀረ፤ በባዛልት በኩል ወደ እኛ የወጣው እሱ ነው። ወርቅ ደግሞ ብረትን ይከተላል፣ አብዛኛው አብሮት ወርዷል። ዛሬ በቅርፊቱ የምናገኘው፣ የዲማው ጭምር፣ በአመዛኙ እምብርቱ ከተዘጋ በኋላ በወደቁ ድንጋዮች የመጣ ነው ብለው ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ።

ወጣቱ፦ ያዛገው ኦክስጅንስ?

መምህሩ፦ ያኔ በአየር ውስጥ አልነበረም። ውሃ ቀድሞ ነበር፤ የጃክ ሂልስ ዚርኮኖች ገና በማለዳው ውሃ እንደነበረ ይመሰክራሉ። ኦክስጅኑን ያመጡት በዓይን የማይታዩ ሳይኖባክቴሪያዎች ናቸው፤ በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን እየሠሩ ለቀቁት። መጀመሪያ በባሕር ውስጥ የተሟሟውን ብረት አዛገ፤ የዛሬ 2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በአየሩ ውስጥ መጠራቀም ጀመረ። ከዚያ በፊት የብሱ እንዲህ አይቀላም ነበር። ምድር ግማሽ ዕድሜዋን ሊሞላ የተቃረበ ጊዜ ያለ ቀይ አፈር ኖራለች ማለት ነው።

ወጣቱ፦ ይህን ማወቅ ለቡና ገበሬ ምን ይፈይድለታል?

መምህሩ፦ የያዘውን ዋጋ ያውቅበታላ! አንድ ጣት ውፍረት ያለው አፈር ለመፈጠር መቶ ዓመታትን ይጠይቃል፤ ዛፉ የተመነጠረበት ዳገት ግን በጥቂት ክረምት ይታጠባል። ባዛልቱ ሌላ አፈር ይሰጠናል፣ እውነት ነው፤ ግን በእኔም በአንተም ዕድሜ አይደርስም። ስለዚህ ዋንዛውን፣ ሰሳውን፣ ብርብራውን አትቁረጥ። ጥላነታቸው ለቡናው ነው፣ ሥራቸው ለአፈሩ። ጎረቤትህም ሊቆርጥ ሲነሳ ዝም አትበል።