በዐሥራ አንድ ሰዓት ስለ ተጠሩት ሠራተኞች

ጌታችን በወንጌል ስለ ወይኑ ቦታ ባለቤት የተናገረውን ምሳሌ የማያውቅ ምእመን የለም (ማቴ. 20፥1-16)። ባለቤቱ ሠራተኞች ሊቀጥር ማልዶ ወጣ፤ በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓትና በዘጠኝ ሰዓትም እንዲሁ አደረገ፤ በመጨረሻ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሥራ ፈትተው የቆሙትን አግኝቶ አሰማራቸው። ሌላው ሕዝብ ይህን ሰዓት ለማወቅ ማስላት ያሻዋል፤ እኛ ግን የቀኑን ሰዓት ከፀሐይ መውጣት ጀምረን የምንቈጥር ነንና፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲባል ለመምሸት አንዲት ሰዓት ብቻ እንደ ቀረች ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

አባቶች ሰዓቶቹን አንድም በዘመናት፣ አንድም በሰው ዕድሜ ይተረጕሟቸዋል። በሁለተኛው ትርጓሜ ማለዳው ሕፃንነት፣ ሦስት ሰዓት ወጣትነት፣ ስድስት ሰዓት ጕልምስና፣ ዘጠኝ ሰዓት ሽምግልና፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት የእርጅና ፍጻሜ ነው። ምስክርም አለው፤ ሳሙኤል በብላቴንነቱ ተጠራ፤ ቂርቆስ በ3 ዓመቱ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋራ ሰማዕትነትን ተቀበለ፤ ሙሴ በፈርዖን ፊት ሲቆም 80 ዓመቱ ነበረ፤ ነቢይት ሐናም በ84 ዓመቷ ከመቅደስ ሳትለይ ሕፃኑን ጌታ ለማየት በቃች።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። በቤተ ክርስቲያናችን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ተጠምቀው ያን ጊዜውኑ ሥጋውን ደሙን ይቀበላሉ። ቅዳሴው ሲፈጸም ወደ መቅደሱ በር የሚቀርቡትን ብንመለከት ግን በብዙ ደብር የምናየው እናቶች ያቀፏቸውን ሕፃናትና በትር የተመረኰዙትን አረጋውያን ነው። የማለዳውና የዐሥራ አንድ ሰዓቱ ሠራተኞች መጥተዋል፤ የሦስት፣ የስድስትና የዘጠኝ ሰዓቶቹ ወዴት አሉ? በሰንበት ትምህርት ቤቶች ትጋት የሚቈርቡ ወጣቶች መጨመራቸው እውነት ነው፤ ደስም ያሰኛል፤ ነገር ግን ጐልማሳው ዛሬም ከቅጥሩ ቆሞ አስቀድሶ ይሄዳል። በዚህ እኛ ካህናትም ከወቀሳ አናመልጥም፤ ንስሓ ሊገባ የመጣውን ወጣት «ገና ልጅ ነህ፤ ቈይ» ብለን የመለስን ጥቂቶች አይደለንምና።

ጐልማሳው ራሱ ምክንያት አለው። የመጨረሻዎቹ ከፊተኞቹ ጋራ እኩል ዲናር ከተቀበሉ፣ እኔም በእርጅናዬ እደርሳለሁ ይላል። ይህን የሚል ሰው ምሳሌውን አላስተዋለውም። ባለቤቱ ስለ ምን ሥራ ፈትታችሁ ቆማችሁ ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ የመለሱለት፣ የቀጠረን የለም ብለው ነው። በዐሥራ አንድ ሰዓት የመጡት ጥሪውን ያን ጊዜ የሰሙ ናቸው እንጂ፣ በማለዳ ሰምተው በኋላ እንመጣለን ያሉ አይደሉም። በ40 ቀኑ የተጠራ ሰው ይህን መልስ በምን አፉ ይመልሳል? ደግሞስ ዐሥራ አንድ ሰዓት እንዲደርስ ማን ዋስ ሆነው?

አረጋውያን ደግሞ በሌላ ወገን ይሰናከላሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት 70 ዓመት ያለፋቸው አንድ የነፍስ ልጃችን መጥተው «አባቴ፣ ጾሙን ሐኪም ከለከለኝ፤ ለስግደቱም ጕልበቴ አልታዘዝ አለኝ፤ ከእንግዲህ እኔ ለምን እጠቅማለሁ?» አሉን። ያልተማሩ ሰው ነበሩና፣ ከልጅ ልጃቸው ጋራ ፊደል እንዲቈጥሩ መከርናቸው። ሕፃናቱ ሲስቁባቸው አፍረው ሁለት ጊዜ ተዉት፤ በሦስተኛው ጸኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዳዊት ጀመሩ። ወደ መዝሙር 50 ሲደርሱ፣ ስለ ንስሓ የተጻፈ መሆኑን ስናስረዳቸው ዝም አሉ፤ በማግሥቱም በድንበር ተጣልተው ብዙ ዘመን ወዳልተነጋገሩት ወንድማቸው ቤት ሄዱ። ባለጾሙና ባለስግደቱ በነበሩበት ዘመን ይህን አላደረጉትም።

አሁን ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድነት ይቈርባሉ። ባለፈው ዐቢይ ጾም ስንጠይቃቸው ንባባቸው ከመዝሙር 80 ደርሶ ነበር፤ ዓይናቸው ቢደክምም የልጅ ልጃቸው መብራቱን ይይዝላቸዋል።