የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ ኖራና ሲሚንቶ

ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 14፣ ከቁጥር 33 ጀምሮ፣ ለዘመናችን አንባቢ እንግዳ ስለሚመስል ጉዳይ ይናገራል። ይኸውም ስለ ታመመ ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት በግድግዳው ላይ ምልክት ባየ ጊዜ ወደ ካህኑ ሄዶ እንዲያስታውቅ ታዝዟል። ካህኑም ቤቱን ባዶ ካስደረገ በኋላ ገብቶ ይመረምራል፤ አረንጓዴ ወይም ቀይ የሆነ፣ ከግድግዳውም ፊት ወደ ውስጥ የጠለቀ ነገር ቢያገኝ ወዲያውኑ አያፈርስም፤ ወዲያውኑም አያስመርግም፤ ቤቱን ዘግቶ ሰባት ቀን ይጠብቃል። በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ያያል። ምልክቱ ሰፍቶ እንደ ሆነ የታመሙት ድንጋዮች ብቻ ተነቅለው ከከተማ ውጭ ይጣላሉ፤ ግድግዳው ከውስጥ ይፋቃል፤ በወጡት ምትክ ሌሎች ድንጋዮች ገብተው ቤቱ እንደ ገና ይመረጋል። የሚፈርሰው ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ደዌው ሲመለስ ብቻ ነው።

በትምህርተ ክርስቶስ ክፍሎቻችን ይህን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ዘለን እናልፈዋለን። በእርግጥ ሕጉ የተሰጠው ስለ ንጽሕና እንጂ ስለ ግንበኝነት ሙያ አይደለም። ሆኖም ዛሬ ጥንታዊ ሕንፃዎችን የሚጠብቁ መሐንዲሶች የሚከተሉት ሥርዓት ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ አስቀድሞ መመልከት፣ መጠበቅ፣ ዳግመኛ መመልከት፣ የታመመውን ብቻ መለወጥ።

እኛ ግን በየቁምስናው የምናደርገው ሌላ ነው። አባቶቻችን በድንጋይና በጭቃ፣ ወይም በድንጋይና በኖራ ያነጿቸው ቤተ ጸሎቶች ዕድሜያቸው ሲገፋ ግድግዳቸው ይረጥባል፤ ቅባቸውም ይላጣል። ምእመናን በበጎ ፈቃድ ገንዘብ ያዋጡና ሲሚንቶ ይገዛሉ፤ ለበዓሉ እንዲደርስም ግድግዳው ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ይለሰናል። በበዓሉ ቀን ያማረ ሆኖ ይታያል። ጥቂት ክረምቶች ካለፉ በኋላ ግን ልስኑ እየተነፋ ይወድቃል፤ ከሥሩ የሚገኘውም ድንጋይ ከቀድሞው ይልቅ የተበላ ነው። ገንዘቡ የድሆች አስተዋጽኦ፣ ሕንፃውም የማይተካ ቅርስ ስለ ሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ስለ ሁለቱ ማያያዣዎች፣ ስለ ኖራና ስለ ሲሚንቶ፣ ማወቅ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከድንጋይ ወደ ድንጋይ

የኖራ ድንጋይ በእቶን ውስጥ እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው አየር ይወጣል። ድንጋዩ ንጹሕ ከሆነ ከ100 ኪሎ የሚቀረው 56 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ይህ የተቃጠለ ኖራ ውሃ ሲያገኘው ይፈላል፣ እንፋሎት ያወጣል፣ በመጨረሻም ፈርሶ ነጭ ሊጥ ይሆናል። (በዚህ ጊዜ ዓይንንና ቆዳን ክፉኛ ስለሚያቃጥል ሕፃናት ሊቀርቡት አይገባም።) ሊጡ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋዮች መካከል ሲገባ ያን በእቶን ውስጥ ያጣውን አየር ከአካባቢው ቀስ በቀስ መልሶ ይወስዳል፤ ስለዚህም እንደ ገና የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ይህ ከላይ ወደ ውስጥ የሚሄድ ሥራ ስለ ሆነ በወፍራም ግንብ ውስጥ ብዙ ዓመታት ይፈጃል። ኖራ የሚቸኩልን ሰው አይወድም።

የጥንት ሮማውያን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ቪትሩቪዮስ የተባለው የሥነ ሕንፃ ጸሐፊ ከመሬት ለተቆፈረ አሸዋ አንድ እጅ ኖራ በሦስት፣ ለወንዝ ወይም ለባሕር አሸዋ ደግሞ አንድ እጅ በሁለት እንዲቀላቀል ያዝዛል። ፕሊኒዮስም በቀድሞው ሕግ ሥራ ተቋራጮች ሦስት ዓመት ያልሞላውን ኖራ እንዳይጠቀሙ ተከልክለው እንደ ነበር ጽፏል። ከዚህም በላይ በፖትዙኦሊ አጠገብ የሚገኘውን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር ሲቀላቅሉት በውሃ ውስጥ እንኳ የሚጠነክር ማያያዣ አገኙ። በሁለተኛው መቶ ዓመት የታነጸውና ከ609 ጀምሮ ለእመቤታችን ማርያምና ለሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን የሆነው የሮማው ፓንቴዎን ስፋቱ 43 ሜትር የሚያህል ጉልላቱን አንድ ፌሮ ሳይገባበት እስከ ዛሬ ተሸክሞ ይኖራል። በ2023 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ከጥንታዊ የሮማውያን ግንብ በወሰዱት ናሙና ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ቀድሞ የአቦካክ ጉድለት ይመስሉ የነበሩት ነጫጭ የኖራ ጓሎች ጥቅም እንዳላቸው ገልጸዋል። ግንቡ ሲሰነጠቅና ውሃ ሲገባበት ጓሎቹ ይሟሙና ስንጥቁን መልሰው ይደፍኑታል።

በአገራችን የኖራ ግንብ ታሪክ ከካቶሊክ ሚሲዮን ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። በ1603 ወደ ኢትዮጵያ የገቡትና በ1622 ያረፉት አባ ፔድሮ ፓኤዝ፣ ከእርሳቸውም ጋርና ከእርሳቸው በኋላ የነበሩት ኢየሱሳውያን፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት በጣና ዙሪያ የድንጋይ ሕንፃዎችን አሠርተዋል፤ በጎርጎራና በደንቀዝ ፍርስራሾቹ ይታያሉ። በሥራው የሕንድ አገር ግንበኞች እጅ እንዳለበትም የታሪክ ጸሐፍት ይመሰክራሉ። ያ ዘመን ለሁላችንም፣ ለካቶሊካውያንም ለኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንም፣ የሐዘን ትዝታ ያለበት ነው፤ ዛሬ ግን የምንናገረው ስለ ግንቡ ብቻ ነው። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ ኖራውን ግን አላስወጡም። በ1636 በቆረቆሯት በጎንደር የታነጹት አብያተ መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት በኖራ የተያያዙ ናቸው።

ሲሚንቶ ለምን ይጎዳል?

ፖርትላንድ ሲሚንቶ የተባለውን ስም የሰጠው በ1824 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እንግሊዛዊው ጆሴፍ አስፕዲን ነው። የዛሬው ሲሚንቶ የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተቀላቅለው እስከ 1450 ዲግሪ ገደማ በማቃጠል ይሠራል። በፍጥነት ይጠነክራል፤ ጥንካሬውም ከኖራ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለአዲስ ሕንፃ፣ ለድልድይ፣ ለፎቅ ቤት ከእርሱ የሚሻል አልተገኘም፤ ይህ ጽሑፍም ሲሚንቶን ለመንቀፍ የተጻፈ አይደለም። ጉዳቱ ከቦታው ውጭ ሲገባ ነው።

አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ መሠረቱ በእርጥብ መሬት ላይ ነው፤ ከበታቹም እርጥበት የሚከለክል ነገር አልተነጠፈለትም። ስለዚህ ውሃ በኩራዝ ክር ላይ ጋዝ እንደሚወጣ በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። ማያያዣው ኖራ ወይም ጭቃ ከሆነ ውሃው በድንጋዮቹ መጋጠሚያ በኩል ይተናል፤ ግድግዳው ይረጥባል፣ ተመልሶም ይደርቃል። ውሃው አሟሙቶ ያመጣው ጨው የሚቀረው በመጋጠሚያው ላይ ስለ ሆነ የሚበላው ኖራው ነው፤ ኖራውም በየጊዜው ይታደሳል። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲደፈን ግን ውሃው መውጫ ያጣና በራሱ በድንጋዩ በኩል ይወጣል። ጨው በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ይረጋና እየበዛ ሲሄድ ፊቱን ይፈነቅለዋል። ሲሚንቶው እንደ አጥር ቆሞ ድንጋዩ ወደ ውስጥ የተቦረቦረበትን ግድግዳ ያየ ሰው ይህን ያስታውሳል። ሲሚንቶው ራሱም የሚሟሙ ጨዎችን ይጨምራል።

ሁለተኛው ምክንያት ጥንካሬው ነው። አሮጌ ሕንፃ ይንቀሳቀሳል፤ በበጋ ይሰፋል፣ በክረምት ይጠባል፣ መሬቱ ሲላላ በጥቂቱ ይሰጥማል። ኖራ ለስላሳ ስለ ሆነ በብዙ ጥቃቅን ቦታዎች ይሰጣል። ሲሚንቶ ግን እንቢ ይላል፤ ያን ጊዜ የሚሰነጠቀው ድንጋዩ ይሆናል። መጋጠሚያው ሁልጊዜ ከድንጋዩ የደከመ እንዲሆን የሚፈለገው ስለዚህ ነው። በድንጋይና በጭቃ ለተሠራ ግድግዳ ደግሞ የሲሚንቶ ልስን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ከኋላው የታሰረው እርጥበት ጭቃውን ሲያላላው ከውጭ አይታይም።

ይህን የተማሩት ሊቃውንትም በብዙ ኪሣራ ነው። በአቴና አክሮፖሊስ የጥንት ግሪኮች ዕብነ በረዶቹን ያያያዙባቸውን ብረቶች በቀለጠ እርሳስ ሸፍነዋቸው ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጥገናውን የመራው ኒኮላዎስ ባላኖስ ግን ያለ እርሳስ አስገባቸው። ብረቱ ሲዝግ አበጠና ዕብነ በረዱን ሰነጠቀው። በ1975 የተቋቋመው ኮሚቴ እነዚህን ብረቶች እያወጣ በማይዝግ ቲታኒየም እየተካቸው ነው። በላሊበላም በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተቀባውን ሬንጅ በ1960ዎቹ መጨረሻ ጣልያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ እንዲነሣ አድርጓል። በጎንደር ግቢም በሲሚንቶና በኮንክሪት የተደረጉ የቀድሞ ጥገናዎች በኋላ ዘመን እየተነሡ በኖራ ተተክተዋል። በ1931 በአቴና የተሰበሰቡት ባለሙያዎች የአርማታ ኮንክሪትን ለጥንታዊ ሕንፃ ጥገና ፈቅደው ነበር፤ በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ግን ባህላዊው ዘዴ የማይበቃ ሲሆን ብቻ አዲሱን፣ እርሱም በሳይንስና በልምድ ከተፈተነ በኋላ፣ እንድንጠቀም ይመክራል።

የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት

ከመንካት በፊት ስለ መመልከት ከቤታችን የሚገኝ ምሳሌ አለ። ማይክል አንጀሎ የነደፈው የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጉልላት በ1590 ተጠናቀቀ። በ18ኛው መቶ ዓመት ስንጥቆቹ በዝተው ስለ ታዩ በሮማ ታላቅ ድንጋጤ ሆነ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 14ኛ በ1742 ሦስት የሒሳብ ሊቃውንትን አዘዙ፤ ሁለቱ ለ ሰርና ዣክዬ የሚኒም ማኅበር መነኮሳት፣ ሦስተኛው ሩጄሮ ቦስኮቪች ኢየሱሳዊ ነበሩ። ሕንፃን በግንበኛ ልምድ ሳይሆን በሒሳብ መመርመር በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር ስለ ነበር ብዙዎች ተቹአቸው። ሊቃውንቱ ጉልላቱ ወደ ውጭ እየተገፋ መሆኑን አስልተው በብረት ቀለበት እንዲታሰር መከሩ።

ር.ሊ.ጳ. ግን በዚያ ብቻ አልረኩም፤ በ1743 ከፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ጆቫኒ ፖሌኒ የተባለውን መምህር አስጠሩ። ፖሌኒ የተጠቀመበት ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። ተንጠልጥላ የምትረግብ ሰንሰለት ወደ ላይ ብትገለበጥ የቅስት ቅርጽ እንደምትሰጥ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ አስቀድሞ አመልክቶ ነበር። ፖሌኒም ጉልላቱን በሐሳብ እንደ ብርቱካን ክፋይ ከፈለው፤ በአንድ ክፋይ ላይ ባሉት ክፍሎች ክብደት ልክ 32 ትናንሽ ክብደቶችን በክር ላይ አንጠለጠለ፤ የክሩንም መሥመር ገልብጦ ከጉልላቱ ሥዕል ጋር አስተያየ። መሥመሩ በግንቡ ውፍረት ውስጥ ስለ ዋለ ጉልላቱ ተሰንጥቆም ቢሆን መቆም እንደሚችል ታወቀ። ስለዚህ ማፍረስም ሆነ እንደ ገና መሥራት አላስፈለገም። ለጥንቃቄ ሲባል አርክቴክቱ ሉዊጂ ቫንቪተሊ አምስት የብረት ቀለበቶችን አስገባ፤ ከቀድሞዎቹ አንዱ ተበጥሶ ስለ ተገኘም በ1748 ስድስተኛው ተጨመረ። በእኔ አስተያየት ከሒሳቡ ይልቅ የሚያስደንቀው የር.ሊ.ጳ. ትዕግሥት ነው፤ ሁሉም ወድቋል እያለ ሲጮኽ ሌላ ምስክር መጠየቅ ቀላል አይደለም።

በቁምስናችን ምን እናድርግ?

የቁምስና ምክር ቤት ፖሌኒን አያስጠራም። ሆኖም ከልስን በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የተበሳ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ አሸንዳ ወይም ከግድግዳው ጥግ የተከማቸ አፈር ነው። አሸንዳውን ማደስ፣ ውሃውን በቦይ ማራቅ፣ አፈሩን ዝቅ ማድረግ ከልስን ይረክሳል፤ ከዚያም እንደ ካህኑ ሰባት ቀን ሳይሆን አንድ በጋ መጠበቅ ነው። በሁለተኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 12 ንጉሥ ኢዮአስ ለቤተ መቅደሱ ጥገና የተሰበሰበው ገንዘብ ለብርና ለወርቅ ዕቃ ሳይውል ለአናጢዎችና ለግንበኞች እንዲከፈል አድርጓል፤ ይህም የመጀመሪያው ገንዘብ ከቀለም ይልቅ ለአሸንዳው እንዲውል ለሚከራከር የምክር ቤት አባል ጥሩ ማስረጃ ይሆነዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1963 ስለ ቅዱስ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ በቁጥር 129 ካህናት የቤተ ክርስቲያንን የከበሩ ቅርሶች ማድነቅና መጠበቅ እንዲችሉ በትምህርት ጊዜያቸው ስለ ቅዱስ ሥነ ጥበብ እንዲማሩ አዝዟል።

መለሰን የግድ ከሆነ ኖራው በገበያ ይገኛል፤ የእሳተ ገሞራ ድንጋይም በስምጥ ሸለቆ ሞልቶ ፋብሪካዎች ከሲሚንቶ ጋር ይፈጩታል። መጀመሪያ በማይታይ ማዕዘን አንድ ክንድ ያህል ለስኖ አንድ ክረምት ማሳለፍ ይገባል። ሥራው የሚጀመረው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው፤ ልስኑ በፀሐይ ቶሎ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል። ስንጥቅ ካለ ደግሞ ሳይደፈን በላዩ ጥቂት ጀሶ ይለጠፍና ቀኑ ይጻፍበታል፤ ጀሶው ካልተሰነጠቀ ግድግዳው ቆሟል፤ ከተሰነጠቀ መሐንዲስ የሚጠራበት ጊዜ ነው። የታየውም ነገር ከነቀኑ በመዝገብ ቢሰፍርና መዝገቡ ከጥምቀት መዝገቡ ጋር ቢቀመጥ፣ ተተኪው ቆሞስ ሲመጣ ያገኘዋል።