ክራርን በሪፐር መቅዳት፦ መቼ መጀመር፣ መቼ ማቆም

ጥሩ አጨዋወት በቀረጻ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ዳርና ዳሩ ላይ ነው። ቀጂው ከዘገየ የመጀመሪያው ምት ይቆረጣል፤ ከቸኮለ ደግሞ የመጨረሻው ክር እየነዘረ ድምፁ ይቋረጣል። መሐሉ ላይ ያለ ስህተት ሊታረም ይችላል፤ ያልተቀዳን ድምፅ ግን ማንም ባለሙያ አይመልሰውም።

ይህ መመሪያ በዊንዶውስ ኮምፒውተር፣ በአንድ ማይክሮፎን እና ሪፐር በተባለው ሶፍትዌር አንድ ክራር እንዴት እንደሚቀዳ ያሳያል። በማክ የሚሠሩ ከሆነ በኮንትሮል ፈንታ ኮማንድን ይጫኑ።

1. ፕሮጀክቱን አስቀድመው ሴቭ ያድርጉ
ሪፐርን እንደከፈቱ ኮንትሮልና ኤስን አብረው ተጭነው ለሥራው ስም ይስጡት፤ የራሱ ፎልደር እንዲከፈትለትም ይምረጡ። ይህን ካላደረጉ የቀዱት ድምፅ የት እንደገባ መፈለግ ይሆናል ሥራዎ። ዲስኩ ላይ ቦታ መኖሩንም ይመልከቱ፦ በ48 ኪሎኸርዝ እና በ24 ቢት የተቀዳ የአንድ ማይክሮፎን ድምፅ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ ይሁን።

2. ድምፁ የሚገባበትን መሣሪያ ይምረጡ
ኦፕሽንስ ውስጥ ገብተው ፕሪፈረንሰስን ይክፈቱ፤ ኦዲዮ ከሚለው ሥር ዲቫይስን ያገኛሉ። ማይክሮፎኑ የተሰካበትን ኦዲዮ ኢንተርፌስ በኤሲዮ ድራይቨሩ በኩል ይምረጡ። በፈሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደውን የሳምፕል ብዛት፣ 128 ላይ ያድርጉት፤ በ48 ኪሎኸርዝ ይህ 2.7 ሚሊሴኮንድ ያህል መዘግየት ነው፤ ተጫዋቹ አይታወቀውም። ድምፁ መንጫጫት ከጀመረ ወደ 256 ከፍ ያድርጉት።

3. ትራኩን ያዘጋጁ
በኮንትሮልና ቲ አዲስ ትራክ ይክፈቱ፤ ማይክሮፎኑ የተሰካበትን መግቢያ ይምረጡ፤ ከዚያ ትራኩ ላይ ያለችውን ቀይ ክብ ቁልፍ ይጫኑ። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪዎች ይሳሳታሉ፦ ይህች ቁልፍ ትራኩን ለመቀዳት ታዘጋጃለች እንጂ ቀረጻ አታስጀምርም።

ተጫዋቹ ከዜማው በጣም ጠንከር ብሎ የሚመታውን ክፍል እንዲጫወት ይጠይቁት። ከፍተኛው ድምፅ ከ0 በ12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ፣ ማለትም በ-12 አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፤ 0 ከነካ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ እንደ ነበረ አይመለስም። መጠኑን የሚያስተካክሉት ኢንተርፌሱ ላይ ባለው ማዞሪያ ነው። የትራኩ መግፊያ የሚሰሙትን እንጂ የሚቀዳውን አይለውጥም።

4. ክራሩን ይቃኙ፣ ምቱን ይወስኑ
ቅኝቱ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ፣ ክራሩ በየቀረጻው መግቢያ ላይ እንደገና ይቃኝ። ዜማው ቺክቺካ ከሆነ ሜትሮኖሙን ከ4/4 ወደ 6/8 ይቀይሩት፤ ሁለት ባር አስቀድሞ እንዲቆጥርም ያዙት። ተጫዋቹ እንደ ስሜቱ እየሳበ የሚጫወተው ትዝታ ከሆነ ግን ሜትሮኖሙን ያጥፉለት። ስፒከሩን ዘግተው ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ይስሙ፤ አለበለዚያ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል።

5. ይጀምሩ
ሆም የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ወደ መነሻው ይመለሱ፤ ቀጥሎ ኮንትሮልና አርን ይጫኑ። መስመሩ ወደ ቀኝ እየተጓዘ የድምፁን ቅርጽ መሳል ሲጀምር ቀረጻው ተጀምሯል። ሦስት ሴኮንድ ዝም ብለው ይጠብቁ። የክፍሉ ባዶ ድምፅ ብቻውን መቀዳቱ በኋላ ጉምጉምታን ለማጽዳት ይረዳል። ከዚያ ለተጫዋቹ በእጅዎ ምልክት ይስጡት።

6. ያቁሙ
የመጨረሻው ክር ከተመታ በኋላ ከመቀመጫዎ አይነሡ፤ ከልብ የመጣ «ጎበዝ!» እንኳ ይቆይ። ድምፁ ፈጽሞ ሲጠፋ በልብዎ እስከ አምስት ቆጥረው ስፔስ ባሩን ይጫኑ። ሪፐር የተቀዳውን ላስቀምጥ ወይስ ልሰርዝ ብሎ በትንሽ መስኮት ቢጠይቅዎት ረጋ ብለው ያንብቡ፤ ሴቭ ኦል የሚለውን ይምረጡ።

7. አዳምጠው የተሳተውን ብቻ ይመልሱ
አንድ ሐረግ ብቻ ከተሳተ ሙሉውን መድገም አያስፈልግም። የተሳተውን ጊዜ በማውዝ ስበው ይምረጡ፤ ትራኩ ላይ ያለችውን ሳይሆን ከማጫወቻ ቁልፎቹ ጋር ያለችውን የቀረጻ ቁልፍ በቀኝ ጠቅ አድርገው ለተመረጠው ጊዜ የሚሆነውን ኦቶ ፓንች ያብሩ። ከጥቂት ሴኮንድ በፊት ጀምረው እንደገና ኮንትሮልና አርን ሲጫኑ ተጫዋቹ የቀድሞውን እየሰማ ይገባል፤ ሶፍትዌሩም የተመረጠውን ክፍል ብቻ ይቀዳል። ምርጫው ክሮቹ ጸጥ ባሉበት ቦታ ላይ ቢጀምርና ቢያልቅ መጋጠሚያው አይታወቅም። ሲጨርሱ ወደ ኖርማል መመለስን አይርሱ፤ አለዚያ ቀጣዩ ዜማ ከዚያች ክፍል ውጭ ሳይቀዳ ይቀራል።

በመጨረሻ ኮንትሮልና ኤስን ተጭነው ፎልደሩን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። የፕሮጀክቱ ፋይል ድምፁ የት እንዳለ ይጠቁማል እንጂ ድምፁን አይዝም፤ እሱን ብቻ በፍላሽ ይዞ የሄደ ሰው ሲከፍተው ድምፅ የሌለው ትራክ ይጠብቀዋል። ፎልደሩ ሁለት ቦታ መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ክራሩ ወደ ማኅደሩ ይመለስ።